የ120 ሰዓቱ የእንግሊዝኛ መምህርነት ሰርተፊኬትና የሥራ ማገናኘት አገልግሎቱ፦ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት ምን ይጠቅማል?

ወደ ውጭ አገር ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ፍለጋውን ሲጀምር መጀመሪያ የሚያገኘው ነገር ቴፍል በሚል ስም የሚታወቀው የ120 ሰዓት የኢንተርኔት ሥልጠና ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው በፌስቡክና በቴሌግራም እየተከታተለ ይመጣል፤ ቅናሹ ሁልጊዜ «ዛሬ ያበቃል»፤ በማግስቱም እንደገና ይጀምራል። ይህ ግምገማ ከእነዚህ ሥልጠናዎች አንዱን፣ ከእርሱም ጋር ተጣምሮ የሚሸጠውን «የዕድሜ ልክ የሥራ ማገናኘት አገልግሎት» ይመለከታል። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የታዘብኳቸው ነገሮች በአብዛኛው የዚህ ንግድ የጋራ ጠባይ ናቸውና። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሥልጠናው ለተከፈለበት ዋጋ የሚመጥን ነው፤ የሥራ ማገናኘት አገልግሎቱ ግን እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ፣ በተለይም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው፣ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል፤ ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ስለ አከፋፈሉ በአጭሩ፦ ክፍያው በዶላር ነው፤ የአገር ውስጥ የባንክ ካርድ የያዘ ሰው በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል ስለሚቸገር፣ እንደ ብዙዎቻችን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ካርድ መለመን ግድ ይሆናል። ድርጅቱ ከአፍሪካ ለሚመዘገቡ ሰዎች ሌላ የመክፈያ መንገድ አላዘጋጀም።

ወደ ሥልጠናው ስንመጣ፣ «120 ሰዓት» የሚለው ቁጥር በጥሬው መወሰድ የለበትም። ትምህርቱ የሚነበቡ ምዕራፎች፣ አጫጭር ቪዲዮዎች፣ በየምዕራፉ መጨረሻ የምርጫ ጥያቄዎች፣ በመጨረሻም ለአስተማሪ የሚላኩ ጥቂት የጽሑፍ ሥራዎች አሉት። የምርጫ ጥያቄዎቹ እስኪታለፉ ድረስ ደጋግሞ መሥራት ስለሚፈቀድ፣ ማንም ሰው አይወድቅም። በአገራችን ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያጠና ሰው የሰዋስው ምዕራፎቹን ከቁም ነገር ላይቆጥራቸው ይችላል፤ እንዲያውም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስለሆነ ብቻ ሰዋስውን አስበውት የማያውቁ ሰዎችን በማሰብ እንደተዘጋጁ ያስታውቃል። ይህ ለእኛ መልካም ዜና ነው፤ ሕጉን ተምረን፣ ፈትነን፣ ተፈትነን ያለፍንበት ነገር ነውና።

ጥቅሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀቱና የክፍል አያያዙ ክፍል፣ ስድሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ሞልቶ ማስገልበጥን፣ ወይም በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት ጀርባ ቆሞ መጠበቅን ለለመደ መምህር በእውነት አዲስ ነገር አለው። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ቀድሞ ይደረግ የነበረና አሁን የቀረ ልማድን ስለሚገልጸው የግሥ አገባብ በላክሁት የትምህርት ዕቅድ ላይ፣ ከማብራሪያው በኋላ ተማሪዎቹን «ገባችሁ?» ብዬ እንደምጠይቅ ጽፌ ነበር። አራሚዋ በዚያ መስመር ጎን የጻፈችው አስተያየት አጭር ነው፦ ይህ ጥያቄ ምንም አይነግርሽም፤ «ሰውዬው ድሮ ጅማ ይኖር ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሰጠሽ በኋላ «አሁን ጅማ ነው ያለው?»፣ «ድሮስ?»፣ «አንድ ቀን ብቻ ነው የኖረው?» ብለሽ ጠይቂ። የጅማን ምሳሌ ከእኔ ዕቅድ ላይ ነው የወሰደችው፤ ያነበበችው መሆኑን ያወቅሁትም በዚህ ነው። በኋላ በታይላንድ ተቀጥሬ ተማሪዎች ፊት ስቆም የዚህ ምክር ዋጋ ወዲያው ታየኝ፤ «ገባችሁ?» ሲባሉ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር» ይላል፣ የገባው ግን ከፊተኛው ረድፍ አያልፍም። ለዚህ ዓይነቱ እርማት ስል ብቻ ለሥልጠናው ጥሩ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ጉድለቱ ሥልጠናው አንድም ጊዜ ሕያው ተማሪ ፊት አለማቆሙ ነው፤ ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

የሥራ ማገናኘት አገልግሎቱ ሰርተፊኬቱ ከደረሰ በኋላ ይከፈታል። በውስጡ የሚገኘው የክፍት ሥራ ቦታዎች ዝርዝር፣ የሲቪ ማሻሻያ መመሪያና በየሳምንቱ የሚላክ ኢሜይል ነው። ድርጅቱ በምዝገባው ጊዜ ዜግነትን ይጠይቃል፤ ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚለውን መርጦ ያላስገባ ሰው ወደ ክፍያው ገጽ አያልፍም። ይሁን እንጂ ለእኔ የሚላከው ኢሜይል ለአንድ ካናዳዊ የሚላከው ራሱ ነበር፤ ከላይ የሚቀመጡትም ደቡብ ኮሪያ፣ ጃፓንና ቻይና ናቸው። የእነዚህ አገሮች በር ለምን እንደተዘጋ ከክፍያው በፊት በሁለት አንቀጽ ማስረዳት ይቻል ነበርና፣ ሻጩ ያልነገረኝን እኔ እዚህ ልጻፈው።

ደቡብ ኮሪያ ለውጭ አገር ቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 የተባለው ቪዛ፣ ለእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች የተወሰነ ነው፤ እነርሱም አሜሪካ፣ ብሪታኒያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ውሳኔው የትምህርት ቤቱ ስላልሆነ፣ ዳይሬክተሩ ቢወድህም ባይወድህም ለውጥ የለውም። የቃኘው ሻለቃ ጦር የደም ውለታ በኮሪያውያን ዘንድ እስከ ዛሬ ቢነሣም፣ በዚህ የቪዛ መስኮት ላይ የሚቆጠርለት ነጥብ የለም። ጃፓን ዜግነትን በቀጥታ አትጠይቅም፤ ነገር ግን ለመደበኛ ትምህርት ቤት መምህራን በሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ የውጭ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው በዚያው ቋንቋ ቢያንስ 12 ዓመት የተማረ መሆን አለበት። በእኛ አገር እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ከ9ኛ ክፍል፣ በአንዳንድ ክልሎችና በአዲስ አበባ ደግሞ ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ የአራት ዓመቱ ዲግሪ ተደምሮ እንኳ ስሌቱ ለአብዛኛው ሰው 12 አይሞላም። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ማስረጃውን ይዞ ሊከራከር ይችል ይሆናል፤ ሌላው ግን ሰርተፊኬት ቢደራርብም አይረዳውም። በቻይና ደግሞ የሥራ ፈቃድ ደንቡ የቋንቋ መምህር በመርህ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንዲያስተምር ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መንግሥት በማስጠኛ ድርጅቶች ላይ ያወጣው ጥብቅ መመሪያ፣ ከውጭ አገር ሆነው በኢንተርኔት ያስተምሩ የነበሩ መምህራንን ገበያ ጭምር አፍርሶታል። በቻይና ሕጉን በማለፍ፣ በንግድ ወይም በተማሪ ቪዛ «ግቡና እናስተካክላለን» የሚሉ ደላሎች አሉ፤ የሚታሰረውና የሚባረረው መምህሩ እንጂ ደላላው ስላልሆነ፣ እንዲህ ያለውን ጥሪ ሳይመልሱ መተው ነው የሚበጀው።

በሌላ አነጋገር በዝርዝሩ አናት ላይ የሚቀመጡት ሦስቱ አገሮች ለእኛ የሉም። ይህ የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ አገሮቹ የራሳቸውን ሕግ የማውጣት መብት አላቸው። ነገር ግን የዜግነት መረጃዬን ይዞ፣ ማስታወቂያው ላይ «ለሁሉም ዜጎች» ብሎ ጽፎ፣ ገንዘቤን ከተቀበለ በኋላ የማላመለክትበትን ሥራ በየሳምንቱ የሚልክ ድርጅት አገልግሎት ሰጠሁ ማለት አይችልም። ቅሬታዬን በጽሑፍ ሳቀርብ ያገኘሁት ምላሽ «የመቅጠር ውሳኔ የአሠሪው ነው» የሚል ነበር፤ የጠየቅሁት ስለ ኢሚግሬሽን ሕግ እንጂ ስለ አሠሪ ውሳኔ አልነበረም።

በአንጻሩ ታይላንድ በሩን ገርበብ አድርጋ የተወች አገር ናት። ከፊሊፒንስና ከካሜሩን የሄዱ ብዙ መምህራን በዚያ ይሠራሉ፤ ስለዚህ የአፍሪካ ፓስፖርት ለትምህርት ቤቶቹ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚጠየቀው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃና፣ አፍ መፍቻ ቋንቋው እንግሊዝኛ ላልሆነ አመልካች፣ ቶይክ በተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ከ990 ቢያንስ 600 ወይም ተመጣጣኝ የሌላ ፈተና ውጤት ነው። ትምህርት ቤቱ ኩሩሳፋ ከተባለው የአገሪቱ የመምህራን ምክር ቤት ጊዜያዊ የማስተማር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱም ለሁለት ዓመት የሚያገለግል ነው። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል፤ ይህችን ቢጫ ካርድ የረሳ ሰው ቪዛውን እጁ ካስገባ በኋላም ሊጉላላ ይችላል። የቅጥር ወቅቱን ማወቅም ይጠቅማል፦ የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በግንቦት አጋማሽ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ደግሞ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ አካባቢ በመሆኑ፣ ማስታወቂያዎቹ ከዚያ ቀደም ባሉት ሳምንታት ይበዛሉ። ይህ ሁሉ በድርጅቱ መመሪያ ውስጥ የተጠቀሰው «የታይላንድን መስፈርት ያጣሩ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ሥራዬን ያገኘሁት በነጻ ከሚነበበው፣ አጃርን ዶት ኮም ከተባለው የታይላንድ መምህራን ድረ ገጽ ነው።

ስለ ደመወዙም ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። በዚያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለአፍ መፍቻ ተናጋሪዎች ከ35,000 እስከ 40,000 ባት ተብሎ የሚወጣው ሥራ፣ ለሌሎች ሲሆን ከ18,000 እስከ 25,000 ባት ሆኖ በብዛት ይታያል። ክፍሉ ያው ነው፣ መጽሐፉም ያው ነው፣ የክፍለ ጊዜው ብዛትም ያው ነው። ቴሶል የተባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992፣ ከዚያም በ2006 ይህን ዓይነቱን ልዩነት የሚቃወም አቋም አውጥቷል፤ ማኅበሩ ግን ደመወዝ ከፋይ አይደለም። በትንንሽ ከተሞች በዝቅተኛው ደመወዝ ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ጥቂት መቆጠብ ይቻላል፤ በባንኮክ መሃል ግን ያ ገንዘብ ለኪራይ ብቻ ይሟጠጣል። ቤተሰብ የሚጠብቀው የሐዋላ ገንዘብ ያለበት ሰው ይህን ሒሳብ ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ቢሠራው ይመረጣል።

ስለ ባህረ ሰላጤው አገሮች ብዙ አልናገርም፤ በዚያ ሰርተፊኬቱ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሁለተኛ ዲግሪና የሥራ ልምድ፣ ጥሩ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ በእንግሊዝኛ ወይም በመምህርነት የተገኘ ዲግሪና ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሆኖም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በአገር ውስጥ ሆኖ «ዱባይ በመምህርነት እናስቀጥራለን» እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣንና የሥራ ፈቃድን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነበር።

ሥልጠናውም አገልግሎቱም ጨርሶ ያልነኩት፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ የሰነድ ነገር ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ እጁ ላይ ያለው ቴምፖራሪ የሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው፤ ዋናው ዲግሪ በተለምዶ ኮስት ሼሪንግ የምንለው የወጪ መጋራት ዕዳ እስኪከፈል ወይም በአገልግሎት እስኪካካስ ድረስ አይሰጥም። የውጭ አገር የሥራ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ጊዜያዊ ማስረጃን እንደ ዲግሪ አይቀበልም። ስለዚህ የሥራ ፍለጋው የሚጀምረው ከሰርተፊኬት ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መስኮት ነው፦ ዕዳውን ማጣራት፣ ክሊራንስ ማምጣት፣ ዋናውን ዲግሪ ማውጣት። ከዚያ በኋላ ማስረጃውን በሚመለከተው የትምህርት አካል ማረጋገጥ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ማስደረግ፣ በመጨረሻም ወደሚሄዱበት አገር ኤምባሲ መውሰድ ይከተላል፤ ያ ኤምባሲ አዲስ አበባ ላይ ከሌለ ሰነዱ ድንበር ይሻገራል። ከፌዴራል ፖሊስ በጣት አሻራ የሚወጣው ከወንጀል ነጻ ማስረጃም የሚያገለግልበት ጊዜ የተወሰነ በመሆኑ፣ ቀድሞ ማውጣት እንደገና ማውጣትን ያስከትላል፤ ዲግሪው ተረጋግጦ ሥራው ቁርጥ ሲል ቢወጣ ይሻላል። የቅጥር ደብዳቤ ይዘው ሰነዳቸው ሳይደርስላቸው የትምህርት ዘመኑ የተጀመረባቸው ኢትዮጵያውያን አውቃለሁ።

ከዚህ ርካሽ ሥልጠና ጋር ተያይዞ የሚነሣው ጥያቄ «ሴልታን ብወስድስ?» የሚለው ነው። ሴልታ ካምብሪጅ የሚሰጠው የመምህርነት ሰርተፊኬት ሲሆን፣ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። 120 ሰዓቱ እዚያ የስም አይደለም፤ ሠልጣኙ አራት የጽሑፍ ሥራዎችን ያቀርባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ላይ ያሉ እውነተኛ ተማሪዎችን ለስድስት ሰዓት ያህል ሲያስተምር አሠልጣኞች ከኋላ ተቀምጠው ይመዝኑታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት መውሰድም ስለሚቻል፣ ሌላ አገር ሄዶ ወር መቀመጥ ግዴታ አልሆነም። አመልካቹ በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ሲ1 ከሚባለው ደረጃ በታች ከሆነ አይቀበሉትም፤ ይህም ለእኛ ሸክም ብቻ ሳይሆን መከራከሪያም ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂው ሳያወጣው በልቡ የሚይዘው ጥርጣሬ «ይህ ሰው እንግሊዝኛው ይበቃል? ክፍልስ ይይዛል?» የሚል ነውና፣ ሴልታ ሁለቱንም ይመልሳል፤ የ120 ሰዓቱ ፒዲኤፍ ግን አንዱንም አይመልስም። ይሁን እንጂ ሴልታም ቢሆን የኮሪያን ቪዛ አያስገኝም። ገንዘቡን ለመበደር የሚያስብ ሰው ይህን አውቆ ይበደር። የመምህርነት ዲግሪና የጥቂት ዓመታት ልምድ ያለው ሰው ለታይላንድ ብሎ ብቻ ሴልታ መውሰድ አያስፈልገውም፤ ማስተማርን ዕድሜ ልኩን ሊኖርበት የወሰነ፣ ነገ ወደተሻለ የቋንቋ ተቋም መሻገር የሚፈልግ ሰው ግን ቢወስደው አይጎዳም።

ድርጅቱ ስለ ሲቪ የሚሰጠው ምክርም ለእኛ አልተሰፋም። «ኔቲቭ» (የአፍ መፍቻ ተናጋሪ) የሚለውን ቃል በሲቪ አናት ላይ እንድንጽፍ የሚመክር ናሙና ልኮልኛል፤ ይህ በፓስፖርት ገጽ በአንድ ደቂቃ የሚጋለጥ ውሸት ነው። የሠራልኝ ሌላ ነገር ነው፦ በአዲስ አበባ በብሪቲሽ ካውንስል በኩል የሚሰጠውን አይልትስ የተባለ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ከስሜ ሥር በመጀመሪያው መስመር ማስቀመጥ፣ ከሲቪው ጋርም ሳስተምር የሚያሳይ የጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ መላክ። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት መሆኑን አስቦ ፈተናውን ከሰነዱ ሥራ ጋር አጣጥሞ መያዝ ያስፈልጋል። ቪዲዮው ደግሞ የአነጋገር ዘዬን ጥያቄ ገና ሳይጠየቅ ይዘጋዋል፤ ከመቀጠሬ በፊት የትምህርት ቤቱ አስተባባሪ የጠየቀችኝ ስለ ዘዬዬ ሳይሆን በቪዲዮው ላይ የሚታየውን የካርድ ጨዋታ ለአርባ ልጅ እንዴት እንደማሠራው ነበር።

ነጥብ ስጪ ከተባልኩ ለሥልጠናው ከአምስት ሦስት ተኩል፣ ለሥራ ማገናኘት አገልግሎቱ አንድ እሰጣለሁ፤ ያቺንም አንድ የምሰጠው የሲቪው ቅርጽ ንጹሕ ስለሆነ ነው። ዲግሪው በሌላ ሙያ የሆነና ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ሥልጠናውን ብቻ፣ የሥራ ማገናኘቱን ካጣመረው «ፕሪሚየም» ጥቅል ውጭ ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም። ከመክፈሉ በፊት ግን ለድርጅቱ በጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይላክ፦ ባለፈው ዓመት የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ ስንት ሠልጣኞች በእናንተ በኩል፣ በየትኛው አገር፣ በምን ዓይነት ቪዛ ተቀጠሩ? እኔ ከከፈልኩ በኋላ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፤ ከክፍያ በፊት የሚላኩ ኢሜይሎች ግን በሰዓታት ውስጥ መልስ እንደሚያገኙ አይቻለሁ።

የሰርተፊኬቱ አሰጣጥ ላይም አንድ ነገር ይቀራል። በዋናው ዋጋ የሚደርሰው ፒዲኤፍ ነው፤ በወረቀት የታተመውና በኖተሪ የተረጋገጠው ቅጂ ለየብቻው ይከፈልበታል፣ የመላኪያውም ዋጋ ለአፍሪካ ከፍ ያለ ነው። ወደ ቬትናም የሚያስብ ሰው ለሥራ ፈቃዱ የማስተማሪያ ሰርተፊኬቱን ጭምር በተረጋገጠ መልክ ስለሚጠየቅ፣ የኖተሪውን ቅጂ መጀመሪያውኑ አብሮ ቢያዝ የመላኪያውን ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላል። እኔ በተቀጠርኩበት የታይላንድ ትምህርት ቤት ግን ከዲግሪው ጋር አብሮ የታተመ የፒዲኤፉ ቅጂ በቂ ሆኗል።